መድረክ ላይ ሰው ስለማስተኛትና ስለ ማጂክ፤ ድሬዎችና ሐረሮች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

ከትርኢት በኋላ ሰው ቶሎ አይበተንም። ወንበር የሚሰበስበው ልጅ ወንበሩን ይደራርባል፣ እኔ ገመዴንና ካርታዬን ሻንጣ ውስጥ እከታለሁ፣ መድረኩ ሥር ደግሞ ሁልጊዜ አምስት ስድስት ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል። ጥያቄዎቹ ከዓመት ዓመት እምብዛም ስለማይለወጡ ጽፌ ላስቀምጣቸው ወሰንኩ። «አንተ» እያላችሁ ነው የጠየቃችሁኝ። በእኛ አካባቢ ሽማግሌውም ሙሽራውም «አንተ» ስለሆነ እንዳለ ትቼዋለሁ።

አቦ እውነቱን ንገረን፣ መተት ነው አይደል?

አይደለም። ማጂክና ሂፕኖቲዝም (ሰው ማስተኛቱ) ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው፤ እኔ ሁለቱንም በአንድ ምሽት ስለምሠራ ተቀላቅለው ይታዩባችኋል። በማጂኩ የማታልለው ዓይናችሁን ነው። እንደማታልላችሁ አስቀድሜ እነግራችኋለሁ፣ ቲኬት የገዛችሁትም ለዚያ ነው። በሂፕኖቲዝሙ ግን ሥራውን የሚሠራው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። እኔ መንገዱን አሳያለሁ እንጂ እሱ አልሄድም ካለ ተሸክሜ አልወስደውም።

ታዲያ ሌቦች አፍዝ አደንግዝ የሚሉት ይኸው ያንተው ነገር አይደለም?

ይህን ሳልጠየቅ የወረድኩበት መድረክ የለም። አንድ እናት ደግሞ እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ የተወሰደባቸውን ስልክ እንዳስመልስላቸው ቤቴ ድረስ መጥተው ያውቃሉ። የሌባ ወዳጅ መስያቸው ነው መሰለኝ።

መልሱን ረጋ ብዬ ልስጥ። ሰው ሂፕኖታይዝ እንዲሆን ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ ፈቃድ፣ ጊዜና ትኩረት። መንገድ ላይ የሚያልፍን ሰው ትከሻ ነክቶ ወይም ዱቄት ነፍቶ «ቦርሳህን አምጣ» ማለት በዚህ ሙያ ውስጥ የለም። የተታለሉ ሰዎች ሲነግሩኝ ጥቂት ጥያቄ ስጠይቃቸው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ሌላ ታሪክ ነው። አንዱ መሬት ላይ ቢጫ ቀለበት «ያገኛል»። ሁለተኛው መንገደኛ መስሎ ይደርስና «ወርቅ ነው፣ አብረን ነው ያየነው፣ እንካፈል» ይላል። ሦስተኛው ዋጋ አዋቂ ሆኖ ይገምታል። እናንተ ብርና ስልካችሁን መያዣ ሰጥታችሁ ከቀለበቱ ጋር ትቀራላችሁ። እዚህ ውስጥ ጥድፊያ አለ፣ ጉጉት አለ፣ ግራና ቀኝ ቆሞ ማሰቢያ ጊዜ የሚነሳ ሰው አለ። ሦስት ካርታ እየገለባበጡ «ቀይዋን ያየ!» የሚሉትም የዚሁ ዘመዶች ናቸው፤ በልቶ የሚሄደው «ተጫዋች» የራሳቸው ሰው ነው።

ማታ ቤት ገብቶ ለሚስት «ጓጉቼ ተበላሁ» ከማለት «አፈዘዙኝ» ማለት ይቀላል። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው። የሚጠጣ ወይም የሚበላ ነገር ሰጥተው ካደነዘዙ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ መድኃኒት ነው፣ ቶሎ ሐኪም ቤት፣ ከዚያ ፖሊስ ጋ መሄድ ነው።

እንዴት ጀመርከው? ማን አስተማረህ?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው ያደግኩት። ጎረቤታችን ከሽመንደፈር ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ። (በአፍ «አንተ» ስላቸው የኖርኩትን ሰው በጽሑፍ ሲሆን «እርሳቸው» ማለት ይመጣብኛል።) ዕድሜያቸውን የፈጁት ባቡር ጥገናው ውስጥ ነው። ሲናደዱ በፈረንሳይኛ ነበር የሚናደዱት። ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ከቤት ከቶ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ በረንዳቸው ላይ ሳንቲም ከጆሮዬ ያወጡልኝ ነበር። ከብዙ ልመና በኋላ ሳንቲሙ ጆሮዬ ውስጥ ሳይሆን መዳፋቸው ውስጥ እንደነበረ አሳዩኝ። በዚያ ሰዓት ቅር ይለኛል ብዬ ነበር፤ ይልቁንም ከጆሮዬ ከወጣበት ጊዜ የበለጠ ገረመኝ። እጅ እንዲህ ዘና ብሎ ነገር መደበቅ እንደሚችል አላውቅማ።

የሙያውን ታሪክም መጀመሪያ የሰማሁት ከእርሳቸው ነው። ዣን ኡዤን ሮበር ኡደን የሚባል ፈረንሳዊ ሰዓት ሠሪ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1805 የተወለደ (እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። እሱ ራሱ እንደጻፈው፣ ስለ ሰዓት ሥራ መጽሐፍ ሊገዛ ሄዶ ሻጩ ተሳስቶ የማጂክ መጽሐፍ ጠቀለለለት፤ ሳይመልሰው ቀረ። በ1856 የፈረንሳይ መንግሥት ወደ አልጄሪያ ላከው። እዚያ ማራቡ የሚባሉት የሃይማኖት ሰዎች በሕዝቡ ዘንድ ተሰሚነት ነበራቸውና፣ የፈረንሳይ ተአምር ይበልጣል ብሎ እንዲያሳይ ነው የተፈለገው። ትንሽ ሣጥን መድረክ ላይ አስቀመጠ፣ ሕፃን የሚያነሣው ዓይነት። አንድ ጠንካራ ጎልማሳ ጠራና «ኃይልህን ወስጄብሃለሁ» አለው። ሰውዬው ቢታገል ቢታገል ሣጥኑ ንቅንቅ አላለም። የሣጥኑ ታች ብረት ነበር፣ መድረኩ ሥር ደግሞ ኤሌክትሮማግኔት ተቀብሯል። ሽማግሌው ይህን ሲያወሩ የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለበት ብሎን ከባትሪ ጋር አገናኝተው ሚስማር እያነሡ ነበር፤ የባቡር ቤት ሰው ሲያስተምር እንዲህ ነው።

እርሳቸው በታሪኩ ይስቁ ነበር። እኔን ግን ሳድግ ይጎረብጠኝ ጀመር። ሰውዬው አገሩን በወረራ ያጣ ሰው ነው፤ በአዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ጉልበትህም የለህም ተባለ። ጥበቡ ድንቅ ነው፣ የዋለበት ቦታ ግን ደስ አይልም። መድረክ የወጣን እንግዳ ማዋረድ የማልወደው ከዚያ ታሪክ ይመስለኛል።

ሂፕኖቲዝሙ ዘግይቶ ነው የመጣው። መጻሕፍት በዘመድ አስልኬ፣ ጓደኞቼን እየለመንኩ፣ ብዙ ጊዜ እየተሳሳትኩ።

«ሂፕኖቲዝም» የሚለው ነገር ራሱ ከየት መጣ?

ከሐኪሞች ነው የመጣው፣ ያውም ከተሳሳተ ሐኪም። ፍራንዝ መስመር (1734–1815) ቪየና ያጠና ሐኪም ነበር። በሰው ገላ ውስጥ የማይታይ የማግኔት ፈሳሽ ይዘዋወራል፣ ሲታገድ ሰው ይታመማል፣ እኔ በእጄ እለቀዋለሁ ይል ነበር። ፓሪስ ላይ ሕዝብ ጎረፈለት። እ.ኤ.አ. በ1784 ንጉሡ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ኬሚስቱ ላቮይዚየ አባላት ነበሩ። ከሠሯቸው ሙከራዎች አንዱን ስተርከው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። የመስመር ደቀ መዝሙር ፍራንክሊን ግቢ ውስጥ አንዱን ዛፍ ብቻ «ማግኔት» አደረገው። ከዚያ አንድ ልጅ ዓይኑን ሸፍነው ከዛፍ ወደ ዛፍ ወሰዱት። ልጁ ላብ አጠመቀው፣ አዞረው፣ አራተኛው ዛፍ ላይ ሲደርስ ራሱን ስቶ ወደቀ። ማግኔት የተደረገው ግን ያኛው ዛፍ አልነበረም። ከዚራ መንገድ ዳር ካሉት የኒም ዛፎች አንዱ ላይ ይኸው ቢሞከር ውጤቱ ያው ይሆናል፣ አልጠራጠርም። ኮሚሽኑ ፈሳሽ የሚባል ነገር የለም፣ የሠራው የሰውየው ሐሳብ ነው ብሎ ፈረደ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፦ «ውሸት ሆነ በቃ»። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ልጁ እኮ የምር ወድቋል።

ይህን ነገር በቁም ነገር የያዘው ጄምስ ብሬድ የሚባል ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ነው። በ1841 ማንቸስተር ላይ የመድረክ ትርኢት ሊያይ ገባ፣ ማጭበርበሩን ላጋልጥ ብሎ። አንድ ነገር ግን አየ፤ ሰዎቹ የዓይናቸውን ቆብ መግለጥ አቅቷቸዋል። ቤቱ ሄዶ ሚስቱንና ጓደኛውን አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ላይ እንዲያፈጡ አድርጎ ሞከረ፤ ሆነ። በ1843 ባሳተመው መጽሐፍ የሂፕኖቲዝምን ስም ከግሪኮች የእንቅልፍ አምላክ ከሂፕኖስ ወስዶ አወጣለት። በኋላ እንቅልፍ እንዳልሆነ ሲገባው ስሙን ሊቀይር ፈልጎ ነበር፣ ግን ስም አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል።

መድረክ ላይ በትክክል ምን ታደርጋለህ?

ሥራው የሚጀምረው እናንተ ትርኢቱ ገና አልተጀመረም ብላችሁ በምታስቡበት ሰዓት ነው። አዳራሹን በሙሉ እጃችሁን አቆላልፉ፣ ጣቶቻችሁ እንደተጣበቁ አስቡ እላለሁ። አብዛኛው ሰው ሳቅ እያለ ይፈታዋል። ጥቂቶች ግን ይቸገራሉ። እነዚያን ነው የምፈልጋቸው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ1959 የሰውን ተቀባይነት፣ ማለትም ሂፕኖቲዝም ምን ያህል እንደሚይዘው፣ የሚለኩበት መመዘኛ አውጥተዋል፤ በእነዚህ መመዘኛዎች ሲታይ ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆነው ሰው በጣም ተቀባይ ነው፣ ተቀራራቢ ቁጥር ያለው ደግሞ ጭራሽ አይነካውም፣ የቀረው መሃል ላይ ነው። ተቀባይነት የሞኝነት ምልክት አይደለም። ልብ ወለድ ሲያነብ የሚያለቅስ፣ ስሙን ሦስት ጊዜ ጠርታችሁት የማይሰማ ሰው ታውቁ የለ? እሱን ላኩልኝ።

በፈቃዳቸው ከወጡት መካከል ደግሞ ወንበር ላይ ከተቀመጡ በኋላ እያጣራሁ ወደ ቦታቸው እመልሳለሁ። በትህትና ነው የምመልሰው፤ ጥፋቱ የእነሱ አይደለማ። አሥራ ሁለት ወጥተው አምስት ቢቀሩልኝ ለእኔ ጥሩ ምሽት ነው። ከዚያ እስትንፋስ፣ የዓይን መክበድ፣ የእጅ መክበድ፣ ቀስ እያለ። ትልቁ ነገር የሚመጣው ከዚያ ነው፤ «እጅህ ፊኛ የታሰረበት ያህል ቀሏል» ስለው እጁ ይነሣል፣ እሱም በገዛ እጁ ይደነቃል።

የሚያስመስሉ የሉም?

አሉ፣ ያውም ብዙ። ሰው ፊት መውጣት ራሱ ግፊት አለው፣ ትርኢቱን ላለማበላሸት ብሎ የሚተባበር አለ፣ ለጓደኞቹ የሚተውን አለ። ተመራማሪዎችም ቢሆኑ ሂፕኖሲስ የተለየ የአእምሮ ሁኔታ ነው በሚሉና የሐሳብ፣ የእምነትና የትብብር ድምር ነው በሚሉ መካከል ለአሥርት ዓመታት ተከራክረዋል። እኔ መድረክ ላይ ሁለቱንም አያለሁ፣ አንዳንዴ አንድ ሰው ላይ።

ለምንድን ነው «ተኛ» የማትለው?

ይህን የጠየቀችኝ አንዲት ተማሪ ናት፣ ጥያቄዋን ስለወደድኩት አስገባሁት። የእንግሊዞቹን መጻሕፍት ካነበባችሁ አንድ ቃል አለቻቸው፣ ለወንዱም ለሴቷም ለሽማግሌውም ያቺኑ ይሉና ጣት ያስጮኻሉ። በአማርኛ ግን «ተኛ»፣ «ተኚ»፣ «ተኙ»፣ «ይተኙ» አለ። ወንድና ሴት ተደባልቀው ተቀምጠው «ተኛ!» ብል ሴቶቹ ዓይናቸውን ይገልጣሉ፣ እኛን አይደለም ብለው። በዚያ ላይ «ተኛ» ጋደም በልም ነው፤ መጀመሪያ ሰሞን አንዱ መድረኩ ላይ ተዘርግቶ ተኝቶልኝ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

መፍትሔውን የሰጠኝ አማርኛው ራሱ ነው። እኛ እንቅልፍን አንሠራውም፤ እሱ ነው የሚሠራን። እንቅልፍ ያዘኝ፣ ወሰደኝ፣ ጣለኝ እንላለን። ስለዚህ ማዘዙን ትቼ «እንቅልፍ እየወሰዳችሁ ነው» ማለት ጀመርኩ። ሰው ሲታዘዝ ይገግማል፣ ሲወሰድ ግን እሺ ይላል።

ድሬ ላይ ደግሞ አማርኛ ብቻ አይበቃም። አፋን ኦሮሞ የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው «ረፊ» ሲባል፣ ሶማሊው «ሴሖ» ሲባል ፊቱ ሲላላ ይታየኛል። እናቱ ያስተኛችው በዚያ ቃል ነዋ።

ሳይነቃ ቢቀርስ?

አይቀርም። ብተወው ወይ ራሱ ይነቃል፣ ወይ እውነተኛ እንቅልፍ ወስዶት ቆይቶ ይነሣል። የሆነውን ከታች እነግራችኋለሁ።

መድረክ ላይ የማታወጣቸው ሰዎች አሉ?

አሉ። ልጆችን አላስተኛም። በእንግሊዝ አገር ከ1952 ጀምሮ ለመድረክ ሂፕኖቲዝም ሕግ አለ፣ ዛሬ የዕድሜ ገደቡ 18 ነው፤ እኔም በዚያው እሄዳለሁ። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ የአእምሮ ሕመም ታሪክ ያለው፣ ነፍሰ ጡር፣ የጠጣ አይወጣም። የመረቀነም አይወጣም፤ ይህ ድሬ ላይ ትርኢቱን ሊያስዘጋኝ የሚችል ሕግ ነው። ከበርጫ ተነሥቶ የመጣ ሰው ዓይኑ ፍጥጥ፣ ሐሳቡ እሩጫ ነው፤ እኔ ስለ እስትንፋስ ስነግረው እሱ ስለ ንግድ ዕቅዱ ይነግረኛል።

ሴቶችን ሳላስፈቅድ አልነካም፣ ሻሽና ሒጃብ አይነካም፣ ማንንም አላጋድምም። ሰው እንደ ሳንቃ አድርቆ በሁለት ወንበር መሃል አጋድሞ ላዩ ላይ መቆምን በቪዲዮ አይታችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እሱ የጡንቻ ነገር ነው፣ ሂፕኖቲዝም ሳያስፈልግ ብዙ ሰው ይችለዋል፣ ጀርባም ይሰብራል። አልሠራውም።

ሃይማኖትህ አይከለክልህም? ቄሱና ሼኹ ምን ይላሉ?

እነሱን ወክዬ ልናገር አልችልም። የማደርገው ግን ይህ ነው፦ ትርኢት ከመጀመሬ በፊት ጂን አልጠራም፣ መንፈስ አልስብም፣ የጠፋ አላገኝም፣ ዕጣ ፈንታ አልናገርም፣ የምታዩት የእጅ ልምምድና የሰው ሐሳብ ነው ብዬ በግልጽ አውጃለሁ። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ይህ ምስጢሩን ያረክሰዋል ይሉኛል። ሃንጋሪ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሁዲኒ (1874–1926)፣ ስሙን ከዚያው ከሮበር ኡደን የወሰደው፣ የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈው ሙታን እናናግራለን እያሉ የሐዘንተኛ ገንዘብ የሚበሉትን በማጋለጥ ነበር። ዝናው በዚህ አልቀነሰም።

የሐረር ጅቦች ሂፕኖታይዝ ተደርገው ነው የሚባለው እውነት ነው?

ሥጋ ነው የሚያመጣቸው። ከጀጎል ግንብ ውጭ ማታ ማታ ስማቸውን እየጠሩ የሚያበሉት ሰዎች ድፍረትና ትዕግሥት ከእኔ ሙያ ይበልጣል፣ ግን ማስተኛት አይደለም፣ መላመድ ነው። የተኛ ጅብ ማን ሊያይ ይሄዳል?

ዶሮ ግን ሞክሩ። ቀስ አድርጋችሁ መሬት ላይ ያዟት፣ ከምንቃሯ ፊት ቀጥ ያለ መስመር በኖራ አስምሩ፣ ልቀቋት። ብዙ ጊዜ ፈዝዛ ትቀራለች። አታናስዮስ ኪርሸር የሚባል የኢየሱሳውያን መነኩሴ ይህን በ1646 ጽፎታል። እሱም ሂፕኖሲስ አይደለም፤ አዳኝ የያዘው እንስሳ ሞቶ የመምሰል ተፈጥሮ ነው። ለበዓል የተገዛችውን ዶሮ እንዲህ አድርጌ እናቴ ጋ የተጣላሁት ለብቻው ታሪክ ነው።

ሴት በመጋዝ የሚቆርጡትን ለምን አትሠራም?

ሣጥኑ ውድ ስለሆነ። ቀልዴን አይደለም፤ ምስጢሩ ሣጥኑ ውስጥ ነው፣ አናጺው ደግሞ ምስጢር የሚጠብቅ መሆን አለበት፣ ድሬ ላይ ምስጢር የሚጠብቅ አናጺ ካወቃችሁ ጠቁሙኝ። ሴልቢት የሚባል እንግሊዛዊ በጥር 1921 ለንደን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ አሳየው። እኔ የምወደው ግን የሕንዱን የሶርካርን ነው። በ1956 ቢቢሲ ላይ በቀጥታ ስርጭት ልጅቱን በመጋዝ ቆረጣት፣ ሊቀሰቅሳት ሲሞክር አልነቃ አለች፣ አቅራቢው ፕሮግራሙን ዘጋው። ተመልካቹ ሞተች ብሎ ስልኩን አጨናነቀ። ሰዓቱ አልቆ ነው ተባለ። ሶርካርን የሚያህል ሰው ሰዓት የሚስት አይመስለኝም።

ወድቆብህ ያውቃል?

የመጀመሪያ የሂፕኖቲዝም ምሽቴ ግንቦት ውስጥ ነበር፣ ምን ዓይነት ሙቀት እንደሆነ ለድሬ ሰው አልነግርም። ያከራየኝ ሰው አዳራሹ ጄነሬተር አለው ብሎኛል። ሰባት ሰው አስተኝቼ፣ ሕዝቡ ፀጥ ብሎ፣ «አሁን ባሕር ዳርቻ ላይ ናችሁ» ስል መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ቆመ፣ ማይኩ ሞተ። ጄነሬተሩ ነበረ፣ ነዳጅ አልነበረውም። በጨለማ ውስጥ አንዱ «አቦ ባሕሩም ጠፋ!» ብሎ ጮኸ። ስልኮች ሲበሩ ስድስቱ ዓይናቸውን ገልጠው እንደኔው ግራ ተጋብተው ተቀምጠዋል። ሰባተኛው ብቻ እንደተኛ ነው። ልቤ ቆመ። ቀረብ ስል ያንኮራፋል። ለካ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ በቀጥታ የመጣ ሠራተኛ ነው፤ ወንድሙ መጥቶ በቁጣ ቀሰቀሰው። ገንዘባችሁን መልሼላችኋለሁ፤ ሳይወስድ የቀረ ካለ አሁንም አለኝ።

ጫት ወይም ሲጋራ ልታስተወኝ ትችላለህ?

አልችልም፣ አልሞክርምም። ሂፕኖሲስ በሐኪም እጅ ቦታ አለው። የእንግሊዝ የሐኪሞች ማኅበር በ1955፣ የአሜሪካው በ1958 ተቀብለውታል፤ ለሕመም ማስታገሻና ለአንዳንድ የአንጀት ችግሮች የሠለጠኑ ባለሙያዎች ይጠቀሙበታል። ኤስዴል የሚባል ሐኪም ደግሞ ክሎሮፎርም ከመምጣቱ በፊት፣ በ1840ዎቹ ሕንድ ውስጥ በዚህ መንገድ አስተኝቶ ቀዶ ሕክምና ይሠራ ነበር። እኔ ግን የመድረክ ሰው ነኝ። ሰው አስቄ ነው የምኖረው።

ይበላል ወይ?

ከሠርግ ከሠርግ፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት፣ አንዳንዴ ሆቴል። ከማጂኩ ይልቅ በሂፕኖቲዝሙ ሰው ይመጣል፣ በትምህርት ቤት ግን ማጂክ ብቻ ነው። በረመዳንና በዐቢይ ጾም ሻንጣው ይዘጋል። ከዚህ ሌላ ሥራም አለኝ፤ ምን እንደሆነ ከነገርኳችሁ ነገ ሱቅ መጥታችሁ ሳንቲም ከጆሮ አውጣ ትሉኛላችሁ።

ልጄ ማጂሽያን ካልሆንኩ ይላል፣ ምን ላድርግ?

የኮንከር ካርታ፣ የአንድ ብር ሳንቲምና መስታወት ስጡት። መስታወቱ ፊት አንዱን ነገር ብቻ፣ ሳንቲምን መዳፍ ውስጥ መያዝን፣ ለወራት ይለማመድ። ሲሰለቸው ይተወዋል፣ ካልተወው ግን ከዚያ በኋላ አታስቆሙትም። ምስጢሩን ለጓደኛው በሁለተኛው ቀን ከነገረ ሙያው የእሱ አይደለም።

አንተስ ተኝተህ ታውቃለህ?

አንድ ጊዜ የሙያ ጓደኛዬ ሐረር ላይ ሞከረኝ። ጎበዝ ነው፣ ድምፁ ከእኔ ይሻላል። ዓይኔን ጨፍኜ፣ የሚለውን ሁሉ እየተከተልኩ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየሁ። በሙሉ ልቤ ነው የፈለግኩት። ሐሳቤ ግን ፈረስ መጋላ ቆሞ የሚጠብቀኝ ፔዦ ታክሲ ላይ ነበር፣ ሹፌሩ ትቶኝ ሄዶ ይሆን እያልኩ። ከማይነካቸው ወገን ነኝ። ትቶኝም ሄዶ ነበር።